ካቻቢቴና ሕገ መንግሥት፦ ከአንድ የጋርላንድ ጋራዥ የተጻፈ

“ጃፓን የት ደረሰች፣ እኛስ የት ቀረን?” የሚለው ጥያቄ በእኛ በስደተኞቹ ምሁራን ዘንድ ከቡናው ጋር አብሮ የሚፈላ ነው። እኔም በዚህ በዳላስና ፎርት ወርዝ በኖርኩባቸው ዓመታት በየማኅበሩ ስብሰባና በየለቅሶ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተከራከርኩበት አላስታውስም። ወደ መልሱ የሚያቀርብ ነገር የገጠመኝ ግን በስብሰባ አዳራሽ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ በጋርላንድ ከተማ፣ በአንድ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ፣ በተገለበጠ ብስክሌት ዙሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ ከአገር ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም። በአየር ማረፊያው አካባቢ በሚገኝ መጋዘን የሌሊት ሥራ አገኘ። መኪናም መንጃ ፈቃድም የለውም። ይህን አገር የሚያውቅ ሰው፣ መኪና የሌለው ሰው እዚህ እግር የሌለው ያህል መሆኑን ያውቃል። አጠገባችን ያለችው አርሊንግተን እንኳ ወደ 400 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ መደበኛ የአውቶቡስ መስመር የላትም። ልጁ ታዲያ አሮጌ ብስክሌት ገዛ፤ ሞተር ያለበት የኋላ ቸርኬ አዘዘ፤ ባትሪውን ከተጣሉ ላፕቶፖች በለቀማቸው ሴሎች ራሱ ሠራው። ሴሎቹንም በስታኞ አያያዛቸው።

አንድ ሌሊት ቻርጅ ላይ እንዳለ ባትሪው ይጨስ ጀመር። ልጁ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ባዶው የመኪና ማቆሚያ ወረወረው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ እንዲህ ካለው የሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎች ሞተዋል።

በማግስቱ እኔን ጠራኝ። “አጎቴ ኢንጂነር ነው” ብሎ ነው። እውነት ነው፤ ዲግሪው አለኝ፣ በሪቻርድሰን የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። 13 ሴሎች በተርታ ሲያያዙ 48 ቮልት ገደማ እንደሚሰጡ፣ ሲሞሉም 54.6 እንደሚደርሱ ወረቀት ላይ ማስላት አላቃተኝም። ቸርኬውን ከብስክሌቱ ማውለቅ ግን አቃተኝ። ልጁ ሲያየኝ አፈርኩ።

ወደ ወዳጄ ጋራዥ የወሰድኩት ያን ጊዜ ነው። እኝህ ሰው እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል፤ ከዚያ በፊት ግን በባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። ብስክሌቱን ገልብጠው ጥቂት ካዩት በኋላ የነገሩን ሁሉ ትክክል ነበር። ስታኞ ሴሉን ያሞቀዋል፣ ውስጡንም ይጎዳዋል፤ ስለዚህ በቀጭን የኒኬል ቅጠል በቅጽበት ብየዳ ይያያዛል እንጂ በስታኞ አይነካም። ዕድሜያቸው የማይታወቅ፣ ከየቦታው የተለቀሙ ሴሎች ደግሞ እኩል አይሞሉም፤ እያንዳንዱን የሚጠብቅ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከሌለ አንዱ ከልክ በላይ ሲሞላ ሌላው ባዶ ይሆናል። ሞተሩም ቸርኬውን ወደ ፊት ሲያዞር አክሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የሚይዘው የብረት ክንድ ካልተደረገለት አክሱ ከቦታው ተሽከርክሮ ገመዶቹን ይበጥሳል። ክንዱን ከወፍራም ብረት ቆርጠው፣ ሞርደው፣ በቡሎን አሠሩት። የልጁን ባትሪ አስጥለው በፋብሪካ የተሠራ የብረት ፎስፌት ባትሪ አስገዙት።

እኔ እንግዲህ የታሪክ ፍቅር ስላለብኝ ከእጃቸው ይልቅ አፋቸውን ነበር የማዳምጠው። “ካቻቢቴ አቀብለኝ፤ ፒንሳውን ያዝ፤ ካቴናው ላልቷል፤ ፍሬኑን እይ።” አንዱም ቃል የግዕዝ ልጅ አይደለም። ጎማም፣ ቡሎንም፣ ቸርኬም፣ ጎሚስታም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። አምስት ዓመት የቆየው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቋንቋው በጋራዡ ውስጥ ቀረ። የሕግና የሃይማኖት ቃል ከራሳችን ማኅደር ያወጣን ሕዝብ የመፍቻና የጉጠትን ስም ከጠላት መዋሳችን ምን ይነግረናል? በእጅ ሥራ ላይ ብዕሩን ያነሣ ሊቅ ማነሱን አይነግረንምን?

እጅ ግን አልጎደለንም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ብረት አቅልጠው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል፤ የጋፋት ምድጃ ግን ከንጉሡ ጋር ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ምስክር ነው። ብረት የሚሠራውን ቡዳ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በላ እያልን፣ በእርሱ ማረሻ አርሰን በእርሱ ሸማ አጊጠን የኖርን ሰዎች ነን።

ወደ ጃፓን ልመለስ። የእኛ ሊቃውንት ጃፓንን አላጧትም ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጽፎባታል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አስነብበውናል። ከጃፓን ለመቅዳት የመረጥነው እንግዲህ ሕገ መንግሥቱን ነበር። ወርክሾፑ ተረሳን።

ወርክሾፑ ምን ይመስል እንደነበር ግን እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጃፓን ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው፣ ቤንዚን በራሽን ነበር። በሐማማትሱ ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ ለጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ 500 ያህል ትናንሽ ሞተሮች አገኘ። በብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ቤንዚኑ ሲያጥር ከጥድ ሥር በተጠመቀ ዘይት አስነዳቸው። ሞተሮቹ ሲያልቁ በ1947 የራሱን ሠራ። በ1948 ኩባንያውን አቋቋመ። በ1949 ደግሞ ገንዘብና ንግድ የሚያውቅ ሰው፣ ታኬኦ ፉጂሳዋ፣ ተቀላቀለው። ዛሬ በዳላስ አውራ ጎዳና ላይ ሆንዳ የሚነዳው ወገናችን የተቀመጠበት መኪና ዘሩ የተጠገነ ብስክሌት ነው።

በጣሊያንም በዚያው ዘመን “ኩቾሎ” የተባለች፣ በብስክሌት የምትገጠም ትንሽ ሞተር ናት ዱካቲን ወደ ሞተር ብስክሌት ያስገባችው። የእኛም ሰዎች በዚያው ዘመን የወራሪውን ፍርስራሽ ካሚዮን ይጠግኑ ነበር። “እንግሊዞች ብዙውን ንብረት ጭነው አልወሰዱብንም ወይ?” የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ወስደዋል። ግን ሆንዳም የጀመረው ከፍርስራሽ ነው። ልዩነቱ፣ እንደ እኔ እይታ፣ እዚያ ጠጋኙን ወደ ሠሪ የሚያሻግር ድልድይ መኖሩ ነው። ባለገንዘቡ ከአንጥረኛው ልጅ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጠ። የእኛ ጎሚስታ ግን ጎሚስታ እንደሆነ አረጀ፤ ልጁንም “እንደ እኔ እንዳትሆን ተማር” አለው።

በጋርላንዱ ጋራዥ የተገለበጠችውም ብስክሌት ይህንኑ ትመሰክራለች። ሞተርን በኋላ ቸርኬ ውስጥ የመክተት ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1895 ፓተንት አውጥቶበታል። የሞተሩን ጉልበት የሚመጥነው መቆጣጠሪያ የተመሠረተበትን የተቀናጀ ሰርኪዩት ጃክ ኪልቢ በ1958 እዚሁ ዳላስ ውስጥ ሠርቶ አሳየ። እኝህ ሰው ያስገዙት ባትሪ ደግሞ በ1990ዎቹ የጆን ጉድኢናፍ ላቦራቶሪ በኦስቲን ካወጣው ግኝት የመጣ ነው። ሁለቱም የኖቤል ተሸላሚዎች ናቸው። ያም ሆኖ፣ ያን ሁሉ እውቀት አገጣጥሞ ልጁን ሥራው ያደረሰው የአንድ ጠጋኝ እጅ ነው።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ነው። ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍተዋል? እያንዳንዱን ዕቃ ከቻይና ስንለምን ልንኖር ነው፣ ወይስ ከየሰፈሩ ጋራዥ ሆንዳ ልናወጣ? በየዓመቱ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ጉባኤ የምንጠራ እኛ፣ አንድ የባትሪ መጠገኛ ማሠልጠኛ ለመክፈት ስንቶቻችን ኪሳችንን ነካን? ራሴን ጨምሬ ነው የምጠይቀው።

አንድ ነገር ተናዝዤ ልፈጽም። እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። በዘንባባዎቹ ሥር ብስክሌት እየነዳሁ ነው ያደግሁት። ደብተሬን ስጥል አባቴ “ግድ የለም፣ ብስክሌት ጠጋኝ ትሆናለህ” ይለኝ ነበር። ያ ፍርሃት ነው ቴክሳስ ያደረሰኝ። ሥራው ሲያልቅ ይህንኑ ለወዳጄ ነገርኳቸው፤ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁና “እኔም እኮ ለልጆቼ እንደዚያው ነው የምላቸው” አሉኝ።

አልሳቅሁም። የእኅቴ ልጅ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ አይቀርም። እኔም ከጎኑ ቆሜ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኛለሁ።

ቸር ይግጠመን።