የዋልታ በረዶና የራዳር ሳተላይቶች ታሪክ

የሰሜንና የደቡብ ዋልታዎች በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ወራት ፀሐይ አይወጣባቸውም፤ በወጣባቸውም ወራት ሰማያቸው ብዙ ጊዜ በደመና የተጋረደ ነው። ስለዚህ በፀሐይ ብርሃን ምስል የሚያነሡ ሳተላይቶች፣ ከ1972 ላንድሳት ወዲህ ብዙ ቢያስተምሩም፣ በጨለማው ወራት በረዶው ምን እንደሚሆን ሊያሳዩ አልቻሉም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚቀበል ጨለማም ደመናም አያግደውም።

በጁን 1978 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ጠፈር የላከው ሲሳት ዋና ተግባሩ ውቅያኖስን መመርመር ነበር። በኤሌክትሪክ ክፍሉ በደረሰ ብልሽት ከ105 ቀን ገደማ በኋላ ሥራውን አቆመ። ሆኖም በቦፎርት ባሕር ላይ በቀናት ልዩነት ያነሣቸው ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ የባሕሩ በረዶ ወዴትና ምን ያህል እንደ ተጓዘ ታወቀ። በእኔ አስተያየት ከምስሎቹ ይልቅ ይህ የማነጻጸር ዘዴ የላቀ ትምህርት ሰጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያሻል። በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ከሰማይ የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውንም፣ እንደ ዐለት የጠጠረውንም ያጠቃልላል። ራዳር ግን ይለያቸዋል፤ ደረቁን የበረዶ ብናኝ ሞገዱ ዘልቆ ያልፈዋል፤ ያው ብናኝ ጥቂት ሲቀልጥ ግን ውሃው ሞገዱን ስለሚውጠው በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። የመቅለጥ ወራት መግባቱም በዚሁ ይታወቃል።

የኤውሮፓ የጠፈር ድርጅት በጁላይ 1991 ኢ.አር.ኤስ.-1ን ከላከ በኋላ ማነጻጸሩ እጅግ ረቀቀ። ሳተላይቱ ወደ አንድ ስፍራ ተመልሶ ሲመጣ፣ ፊተኛውና ኋለኛው ሞገድ ተነጻጽረው በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር እንቅስቃሴ ይገልጣሉ። በ1993 ሪቻርድ ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ በስድስት ቀን ልዩነት ከተነሡ ሁለት ምስሎች በአንታርክቲካ የረትፎርድን የበረዶ ጅረት ፍጥነት ለኩ፤ በረዶው ምድሩን ለቆ በባሕር ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበትንም መስመር ለዩ። የካናዳው ራዳርሳት-1 ደግሞ፣ ዘወትር ወደ ቀኝ ሲመለከት የደቡብ ዋልታ አካባቢ ስለማይታየው፣ በ1997 ወደ ግራ ተዙሮ አንታርክቲካን በሙሉ አነሣ።

የመንሳፈፊያው መስመር ለምን ይፈለጋል ቢሉ፣ በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘው የፓይን አይላንድ ግግር በረዶ የተቀመጠው ከባሕር ወለል በታች በሆነ ምድር ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ በዘለቁ መጠንም ምድሩ ይጎደጉዳል። ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ከሥር ሲያቀልጠው መስመሩ ወደ ውስጥ ያፈገፍጋል፤ ወደ ባሕር የሚፈሰው በረዶም ይበዛና የዓለምን የባሕር ከፍታ ይጨምራል። ኤሪክ ሪኞ በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1992 እስከ 1996 መስመሩ በየዓመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ማፈግፈጉን ከኢ.አር.ኤስ. ምስሎች አረጋገጠ። መስመሩ የሚገኘው በበረዶው ሥር ስለሆነ በላዩ ለሚሄድ ሰው አይታይም። ከ2014 ወዲህ ሴንቲኔል-1 የተባሉት የኤውሮፓ ሳተላይቶች ክትትሉን ቀጥለዋል።