የጦሩ ቀለብ፦ ፎገራና የአፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ውድቀት

ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳናና ከወልድያ ተነስቶ ጋይንትንና ደብረ ታቦርን አቋርጦ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት ወረታ ላይ ነው። በከተማዋ ዙሪያ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ያበለጸጉት ርብና ጉማራ ናቸው፤ ሁለቱም ከጉና በኩል ጠርገው ያመጡትን ጥቁር አፈር በየክረምቱ ያለብሱታል። አገሩ ዛሬ በሩዝ ይታወቃል፤ ከሩዝ በፊት ደግሞ በወተት ላሞቹ ይታወቅ ነበር። እንዲህ ያለ ለም ሜዳ መንገድ ዳር ሲሆን ለሁለት ነገር ይፈለጋል፤ ለገበያና ለጦር። የአፄ ቴዎድሮስ ውድቀት ሲተረክ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ለንግሥት ቪክቶሪያ ተጽፎ መልስ ካጣው ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ እስረኞቹ፣ ከዚያ ናፒየር፣ ከዚያ መቅደላ ይከተላሉ። እኔ ግን ታሪኩ መጀመር ያለበት ከገበሬው ጎተራ ይመስለኛል። ያን መንግሥት አስቀድሞ የጣለው የለንደን ዝምታ አልነበረም፤ ሽፍታ ለማሳደድ የወጣው ጦር የሚበላው እህልና የሚያርደው ከብት ከማን ይምጣ የሚለው ጥያቄ መፍትሔ ማጣቱ ነው። የውጭ ግንኙነቱ ቀውስም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ራስ ጉግሣ ከቆረቆሯት ወዲህ ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ቆይታለች። ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ የምትገኘው ይህች የደጋ ከተማ ለጦር ሰፈር ትመቻለች፤ ሠራዊት የሚቀልበው ግን በዙሪያዋ ያለው የበጌምድር ገበሬ ነበር። ከፎገራ በስተሰሜን ይፋግ ትልቅ ገበያና ኬላ ነበራት። በጣና ምሥራቃዊ ዳር ደግሞ ቆራጣ የነጋዴ ከተማ ነበረች። በእነዚህ ገበያዎች አሞሌውም ጨርቁም ቡናውም ይተላለፍ ነበር፤ ቀረጡም ለደብረ ታቦር ጌቶች ይገባ ነበር። ወታደሩ ግን ከዚህ ቀረጥ ደመወዝ አይቆረጥለትም። በየገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ ይበላል፣ ሲዘምት ደግሞ ያገኘውን ይዘርፋል። የመሳፍንቱ ፉክክር ባየለ ቁጥር የተሰሪው ቁጥር ይበዛል። በ1834 ዓ.ም. ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ሲዋጉ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ የሁለቱም ሠራዊት እየበላ የመጣው የገበሬውን ነው። ራስ አሊ በ1842 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ቆንስል ከፕላውዴን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ በየጌታው ኬላና በየሽፍታው እጅ ሳለ ያ ውል ከወረቀት አላለፈም። አገር ውስጥ መንገድ ያልጠበቀ መንግሥት ከውጭ የሚፈርመው የንግድ ውል ምን ያህል እንደሚመዝን ያን ጊዜ ታይቷል።

ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ይህንን በሽታ በሚገባ ያውቁት ነበር። ራሳቸው ከሽፍትነት የተነሱ ናቸውና ገበሬ ለምን እንደሚሸፍት ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዝርፊያን ከለከሉ፤ ወታደሩ ከገበሬ ቤት ወጥቶ በደመወዝ እንዲያድር አሰቡ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት መሳፍንት አንዱም እንዲህ አላሰበም። ሆኖም ደመወዝ ገቢ ይፈልጋል። ገቢ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ከኬላ ቀረጥ፣ ከገበሬ ግብር ወይም ከቤተ ክርስቲያን መሬት። ቀረጡ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ይሰበሰባል። ግብሩ አገሩ ሲገዛ ብቻ ይመጣል። የቀረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር፤ እርሱን ሲነኩት ካህናቱ ራቁ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረው ኅብረትም ፈረሰ፤ አቡኑም ኋላ መቅደላ ላይ ታስረው ሞቱ። ካህኑ ሲርቅ ደግሞ በየደብሩ ለሕዝቡ ስለ ንጉሡ የሚናገር አፍ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የተከተለው ነገር የሂሳብ ያህል ግልጽ ነው። በትግራይና በሰሜን አገው ንጉሤ፣ በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በሸዋ በዛብህ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። ክፍለ ሀገር በሸፈተ ቁጥር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። የዚያ አገር ግብር ይቀራል፤ እርሱን ለማስገበር የሚዘምተው ጦር ደግሞ ይጨምራል። ቀለቡ ታዲያ ገና ባልሸፈተው አገር ትከሻ ላይ ይወድቃል። ታማኝ ሆኖ የቆየው አውራጃ የታማኝነቱን ዋጋ በእህሉና በከብቱ ይከፍላል፤ ዋጋው ከአቅሙ ሲያልፍ እርሱም ይሸፍታል። በጌምድር የንጉሡ የመጨረሻ ምሰሶ ስለነበረ የመጨረሻው ሸክም የወደቀው በእርሱ ላይ ነው። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተዘርፋ ተቃጠለች። በዚያው ዓመት የበጌምድር ወረዳዎች ተራ በተራ ከዱ፤ ደብረ ታቦር ያለው ጦርም የገዛ አገሩን እንደ ጠላት አገር እየዘረፈ መኖር ጀመረ። አስር ሺዎች የነበሩት ሠራዊት ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ፤ ወታደሩ ቤተሰብ ያለው የገበሬ ልጅ ነውና የሚዘረፈው መንደር የራሱ ሲሆን ይኮበልላል።

የውጭ ጉዳዩን ከዚህ ነጥሎ ማየት ስህተት ነው። ሽፍትነት የራሱ ዲፕሎማሲ አለው። አገው ንጉሤ በ1852 ዓ.ም. የዙላን ወደብ ለፈረንሳይ ለመስጠት ቃል ገብቶ ድጋፍ ጠይቋል፤ ማዕከሉ ሲደክም የባሕር በር እንኳ በሽፍታ እጅ ለድርድር ይቀርባል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ጋር ያገናኝ የነበረው ፕላውዴን በጎንደር አቅራቢያ በሸፈቱ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። ስለዚህ ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ የሚያውቃቸውና የሚሟገትላቸው ሰው ቀድሞ በሽፍታ እጅ ጠፍቷል። መልስ ሲዘገይ ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የተላከውን መልእክተኛ ራሳምን ቆራጣ አስቀምጠው በመልካም ካስተናገዱት በኋላ እርሱንም ያዙ፤ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ደግሞ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ቁጣ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን በውስጡ ስሌት አያለሁ። በብዛት የማይቀለብ ጦር በመሣሪያ ጥራት መካስ አለበት። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡ የተገደዱት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው ለዚህ ነው። ግብር የሚያስገባ አገር ቢኖር ኖሮ ባለሙያ በገንዘብ ይቀጠር ነበር፤ ገንዘብ ሲጠፋ ሰው በእስራት ተያዘ።

ሙግቴን የሚያጠናክርልኝ ከሁሉ በላይ የ1860 ዓ.ም. ሁለት ጉዞዎች ንጽጽር ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖልን እየጎተቱ፣ መንገድ እየጠረቡ፣ መቅደላ ለመድረስ እስከ መጋቢት ድረስ ፈጀባቸው፤ ያለፉበት አገር ሁሉ እህሉን ይሸሽግባቸው ነበር። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ከቀይ ባሕር ተነስቶ ከ12 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ሲመጣ ግን ገብስና ከብት ይሸጥለት ነበር፤ በማሪያ ቴሬዛ ብር ይከፍላልና። ደጃዝማች ካሣ ምርጫም በትግራይ መንገድ ለቀቁለት። ባዕድ ጦር በገዛ አገራችን ገበያ ሲያገኝ የአገሩ ንጉሥ ያጣው ሕዝቡ አገሩን ስላልወደደ አልነበረም። ሕዝቡ የሚከፍለውንና የሚዘርፈውን ለይቶ ስላወቀ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ የተሰማው ተኩስ ይህን ፍርድ ያጸደቀ እንጂ የፈረደ አልነበረም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሦስት ክርክሮችን አውቃለሁ። አንደኛው፣ እንግሊዝ ደብዳቤውን ባትንቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ይላል። ንቀቱ እውነት ነው፤ ጦርነቱን የቀሰቀሰውም እርሱ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው መልስ ቢያገኝ ኖሮ ጎጃምና ሸዋ አይገብሩም ነበር፣ የበጌምድር ገበሬም ከተሰሪ አይድንም ነበር። ናፒየር ባይመጣ ዋግሹም ጎበዜ ወይም ሌላ ይመጣ ነበር። ሁለተኛው፣ ጥፋቱ የመኳንንቱና የካህናቱ ስስት ነው ይላል። ስስታቸው አያጠያይቅም። ይሁንና መኳንንት ብቻውን አገር አያሸፍትም፤ የሚከተለው ገበሬ ያስፈልገዋል፤ ገበሬውን ደግሞ ለመኳንንቱ ያስረከበው የጦሩ ቀለብ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ የየጁ መሳፍንትም በተሰሪ እየበሉ ከ60 ዓመት በላይ ገዝተው የለምን ይላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የየጁ ዘመን ጦር በየጌታው አገር ተበታትኖ ይበላ ነበር፤ ጌታውም ነገ የሚሰበስበውን እንዳያጣ ዛሬ መጠን ይጠብቃል። አፄ ቴዎድሮስ አገሩን አንድ ሲያደርጉ ጦሩንም አንድ አደረጉት፤ ይህ አንድ ጦር ከአገር አገር ሲዞር በየሄደበት ሁሉን አንድ ጊዜ ይጨርሳል። አንድነት የሚሻል ዓላማ ነበር። ግን ከመሳፍንት የበለጠ ዓላማ ይዞ በመሳፍንት አቀላለብ መዝመት የባሰ ጥፋት አመጣ።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። ኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ለቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ እውቅና ከሰጠች፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ የተገኘው ትብብር ወረታን ከወልድያ ያገናኘውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስገኘ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ደግሞ ለፎገራ ሩዝ አስተዋወቁ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ በአካባቢው ስም ተጠርቶ በገበሬው እጅ ቀረ፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ከውጭ ግንኙነት ገበሬ ማሳ ድረስ የደረሰ ፍሬ ይኸው ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግን ያው መንገድ ከወልድያ በጋይንት በኩል ወደ ደብረ ታቦር የገፋ ጦርነት ማለፊያ ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ተሰረዘች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የቦንድ ዕዳ ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት ጦርነት ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ጦርነት በሁሉም ውስጥ አለበት።

ስለዚህ በትጥቅ ለታወከ አገር መፍትሔ ሲፈለግ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት እላለሁ። ብድሩና የዲፕሎማሲ ድጋፉ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ቀዳሚው ጉዳይ መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን መንግሥትን የሚወጋ፣ ከገበሬው ጎተራና ከነጋዴው መኪና ላይ እጁን ማንሳቱ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ወረታ አምጥቶ ሳይዘረፍ ሸጦ፣ ግብሩን ለአንድ መንግሥት አንድ ጊዜ ብቻ ከፍሎ ሲመለስ ድርድሩም ሕግ ማስከበሩም የሚቆምበት መሠረት ይኖረዋል። ያለዚያ ገበሬው ለማንኛውም ወገን የሚታዘዘው ጠብመንጃው እስካለ ድረስ ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ባለው መታዘዝ ላይ የቆመ መንግሥት ደግሞ የውጭ ወዳጅ ቢበዛለትም አይጸናም። አፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያው አዋጃቸው ያሉት ይህንኑ ነበር። የወደቁት በአዋጁ ምክንያት አይደለም፤ የገዛ ጦራቸው አዋጁን እንዲያከብር ማድረግ ስላልቻሉ ነው።