ጅብ የሚያልፍበት ግንብ

በሐረር፣ ጥንታዊቷን ከተማ በሚከበው የጁጎል ግንብ ግርጌ፣ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ እንደማለት ነው። ግንቡ የቆመው ጠላት እንዳይገባ ነው። ጅቡ ግን ሌሊት እየገባ የየመንገዱን ጥራጊ ጠርጎ ስለሚወጣ እንደ ጠላት አልታየም፤ መንገድ ተተወለት። ስለ ጁጎል ጥበቃ ሲወራ ቀድመው ወደ ሐሳቤ የሚመጡት እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው። የሚያጥረው ሰው ማንን እንደሚከለክልና ማንን እንደሚያሳልፍ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ግንቡን በማሠራት ስማቸው የሚነሣው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ የኢማም አሕመድ የእህት ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1559 አፄ ገላውዴዎስ የወደቁት ከእሳቸው ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። ድሉ ግን ለከተማዋ እፎይታ አላመጣም፤ የኦሮሞ ጦር እየገፋ መጥቷል፣ ረኃብና ወረርሽኝም ተከትለዋል። ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የድንጋይ አጥር የዚያ የጭንቅ ዘመን ሥራ ነው።

አምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ስም አላቸው። ሐረሪው አስማዲን ባሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል። በድሮ ባሪ ቡዳ በር ነው፣ ሱቁታት ባሪ ሰንጋ በር፣ አርጎብ ባሪ ኤረር በር፣ አሱም ባሪ ደግሞ ፈላና በር። ስድስተኛው፣ መኪና የሚገባበት ሐረር በር፣ የኋላ ዘመን ጭማሪ ነው። ከእሱ ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ከሌላው ጁጎል ጋር አይመሳሰልም። የሌላው ጁጎል ብዙው መንገድ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልተሻሸ የማይተላለፍበት ነው። ከሁሉ የጠበበው «መገረ ወገራ ኡጋ» የተጣሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሊተላለፉበት ስለማይችሉ የዕርቅ መንገድ ይባላል።

ጁጎል ብዙ ገዢ አይታለች። ግብጾች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ይዘዋት ቆይተዋል። እነሱ ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ጥቂት ጊዜ ገዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በምኒልክ እጅ ገባች። ግንቡ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ቆሟል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በ48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የ«አዋች»፣ የቅዱሳን አባቶች፣ መካነ መቃብሮች እንዳሉ ተጠቅሷል።

በዚያው ምዝገባ ላይ ብዙ ጎብኚ ልብ የማይለው ነገር አለ። ከቅርሱ ሁሉ እጅግ አስደናቂ የተባለው ግንቡም መስጊዶቹም አይደሉም፤ የመኖሪያ ቤቶቹ የውስጥ አሠራር ነው። «ጌ ጋር»፣ የከተማው ቤት፣ ከውጭ ሲታይ ያው ወፍራም ግድግዳ ነው። ሲገቡ «ናደባ» የሚባሉት በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ እርከን የሠሩ መቀመጫዎች ይቀበላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በማዕረግ የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌት የተሞላ ነው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከታየ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው። ከጎን ያለችው ጠባብ ክፍል «ኪርታት» ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን ከሰው ተሰውረው የሚያሳልፉባት ናት።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ግንብ ከፈረሰ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ናደባ ሲፈርስ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ለሶፋ ቦታ ተፈልጎ አንዱ እርከን ይነሣል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሲሚንቶው ደግሞ በወዳጅ ስም ይገባል። የጥንቱ ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ስለሆነ የሳበውን እርጥበት ቀስ ብሎ ይተፋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይፈታል፣ የጥድ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ከውጭ ግን የታደሰ ይመስላል! ለቀለም ብቻ የሚደረግ እድሳትን የምፈራው ለዚህ ነው።

ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሐረሪ ወደ አዲስ አበባና ድሬዳዋ፣ ኋላም እስከ ቶሮንቶ ተሰዷል። የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ቤት ለብዙ ተከራይ ተሸነሸነ። የራሱ ላልሆነ ቤት ማን በየዓመቱ ጣሪያ ይጠቀጥቃል? የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ደግሞ ጥበቃውን በመጀመሪያ በባለቤቱ ኪስ ላይ ይጥላል፤ ለማደስም ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የቅርስ ባለቤት መሆን ክብሩ የሁሉ፣ ወጪው የአንድ ሰው ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ጋር የራምቦን ቤት አስቡ። በቀለም ባጌጡ መስኮቶቹ የሚታወቀው ይህ የሕንድ ነጋዴ ቤት እድሳትም ጎብኚም አላጣም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በሐረር መነገዱ እውነት ነው፤ በዚህ ቤት ኖረ የሚለውን ግን የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ቤቱ ውብ ስለሆነ መጠበቁን አልቃወምም። ሐረሪ ለመኖሩ ጥርጥር የሌለበት ጌ ጋር ግን ያንን ያህል ተቆርቋሪ አላገኘም።

የተሻለ መንገድ ያሳዩ አሉ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቧቸውን የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች በመኖሪያ ቤታቸው ማሳየት ጀመሩ፤ ኋላም ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ተዛውሮ ሙዚየም ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ዕቃው አይደለም፤ የሐረርን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ዳግም በእጅ የሚሠራ ነገር ማድረጋቸው ነው። ለጭቃና ለቀይ አፈር ሙያም እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልጋል። ያረጀ ግድግዳ የሚያድሰው በፋይል ውስጥ ያለ ሥዕል ሳይሆን ልኩን በእጁ የሚያውቅ ግንበኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሹዋሊድም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። ከረመዳን በኋላ በሚከበረው በዚህ በዓል ከባሕር ማዶ ጭምር ሰው ይመጣል፣ ወጣቶች ይተያያሉ፣ ይተጫጫሉ። ለሠርጉ ቤት ሲፈለግ ታዲያ፣ ኪርታቷ የዕቃ ማጎሪያ ያልሆነችበትን ጌ ጋር ማግኘት የዘመድ አዝማድ ሥራ ነው።