የምዕራብ ጎጃም ደንና እግረኞቹ

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የዕረፍት ቀን በመጣ ቁጥር ጓደኞቻችን ዳቦና አይብ ቋጥረው፥ በትር ይዘው፥ «ጥቁሩ ደን» ወደሚባለው የጀርመን ተራራ ይወጡ ነበር። የሚሹትም የሰው እጅ ያልነካው ጫካ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ዛፍ የቀድሞው ደን ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት በሰው እጅ የተተከለ ነው። ይህንን ስንነግራቸው ቅር ይላቸው ነበር።

ያው ቃል ዛሬ ስለ ጎጃም ተራሮች ሲነገር ይሰማል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፥ ወደ ሰከላ የሚወጣ እግረኛ ግን የሚያየው በቆሎና ጤፍ፥ ከፍ ሲልም ገብስና ድንች፥ በየመንደሩም ዳር ባሕር ዛፍ ነው። ጽድና ወይራ ተጠጋግተው የቆሙበትን ስፍራ ከሩቅ ያየ እንደ ሆነ፥ እዚያ ታቦት አለ ብሎ ቢገምት እምብዛም አይሳሳትም። ያ ደን የቆየው ጠባቂ ስላለው ነው። ከዛፉ ሥር የአጥቢያው ሰው አባቶች ተቀብረዋል፤ ቅርንጫፍ ቢቈረጥም ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት እንጂ ለግል ማገዶ አይደለም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ ያገሩ ሰዎች ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምንጩ እንዳይቀርብ አስጠንቅቀውታል። የምንጩን አገልጋይም «ክፍለ ዓባይ» ብሎ በመጽሐፉ ጠቅሶታል። ከእርሱ 152 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1618፥ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ ምንጩን አይቶ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ሊያምን አልወደደም። ማንም ያላየውን አገር የማየት ምኞት እንዲህ ዐይን ይጋርዳል። ሁለቱም በደረሱ ጊዜ ስፍራው ጠባቂ ነበረው፤ ጠበሉን ፈልጎ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣውም ተሳላሚ መንገዱን ከሁለቱም አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የቤተ ክርስቲያንን የእርሻ መሬት ሲወስድ በእጇ የቀረው ቅጥር ግቢዋና በውስጡ ያለው ዛፍ ነው። በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን የመረመሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳስረዱት፥ ከብት በገባበት ግቢ ቡቃያው ስለሚረገጥና ስለሚበላ አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል። በዚያው አውራጃ አንዳንድ አጥቢያዎች ከየእርሻው ድንጋይ ለቅመው ቅጥር ሠርተዋል። በምዕራብ ጎጃምም ይህንኑ ሥራ የሚያግደው ነገር አይታየንም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ለሽርሽር የሚመጣውን እግረኛ ከመንገዱ አስቀርቶታል። ሰላም ወርዶ በተመለሰ ጊዜ መንገድ የሚመራው፥ «ያልተነካ ደን አሳይሃለሁ» የሚል የከተማ አስጎብኚ ባይሆን እንመርጣለን። እንግዳው አስቀድሞ የደብሩን አለቃ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ለቅጥሩ ማሠሪያ ይዋል፤ ጫማውንም እንደ ብሩስ በደጅ ያውልቅ።