ከመካኒክ ጆሮ እስከ ምርመራ ሶኬት፤ የቤተሰብ መኪና ብልሽት አፈላለግ አጭር ታሪክ

አውቶሞቢል በመንገድ ላይ መታየት ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት የብልሽቱ ምንጭ ይፈለግ የነበረው በጆሮ፣ በአፍንጫና በእጅ ነበር። ልምድ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ይመለከታል፤ ጥቁር ጥላሸት ያየ እንደሆነ ቤንዚኑ መብዛቱን፣ ነጣ ያለ ቀለም ያየ እንደሆነ ደግሞ አየሩ መብዛቱን ይረዳል። የፑንቲናውን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይለካል፤ የካርቡራተሩን ብሎን በሩብ ዙር ያጠብቃል ወይም ያላላል። ይህም ዕውቀት ከመካኒኩ ወደ ረዳቱ በሥራ ላይ የሚተላለፍ እንጂ በአንድ ፋብሪካ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ አልነበረም።

በዛሬው ጊዜ ግን አንድ የቤተሰብ መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ አስቀድሞ የሚፈለገው ከመሪው ሥር የተሰወረው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት ሆኗል። ለመሆኑ ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? የመጣውስ ለማን ጥቅም ነው? ጥያቄው ለባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። ሊብሬው በባለቤቱ ስም የተጻፈ ቢሆንም፣ የብልሽቱን ምሥጢር ለብቻው የያዘው ሌላ እንደሆነ ባለቤትነቱ ግማሽ ነውና።

ጭስ የወለደው ሕግ

የምርመራው ሶኬት የተወለደው መካኒኮችን ለመርዳት ታስቦ አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካዋ የሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ በወረደው ጭጋግ ነው። በሐምሌ ወር 1943 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ከተማዋን ስለ ሸፈናት፣ ዘመኑ የጦርነት ዘመን በመሆኑ፣ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ጠላት የመርዝ ጋዝ የለቀቀ መስሏቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው የኔዘርላንድስ ተወላጅ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት የጭጋጉን ምንጭ ገለጠ፤ ከአውቶሞቢሎችና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ በፀሐይ ብርሃን ኃይል የሚፈጥረው ውሕድ መሆኑን አስረዳ።

ከዚህም የተነሣ ሕግ ተከተለ። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ አምራቾች በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ያልተቃጠለ ነዳጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድን በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። በ1975 ሞዴል መኪናዎች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለው የጭስ ማጣሪያ በሰፊው መገጠም ጀመረ፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ይህን ማጣሪያ የሚያበላሽ በመሆኑም እርሳስ አልባ ቤንዚን ወደ ማደያዎች ገባ።

ይሁን እንጂ ማጣሪያው ሦስቱንም ዋና ዋና በካዮች በአንድነት ለማጥፋት እንዲችል አንድ ጥብቅ ግዴታ መሟላት ነበረበት። ይኸውም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሳያጓድሉና ሳያስበልጡ ለሞተሩ ማቅረብ ነው። ካርቡራተር ይህን ሚዛን በአቀበትና በቁልቁለት፣ በብርድና በሙቀት ጠብቆ ሊቆይ አይችልም። ስለሆነም ጭሱን እየቀመሰ የሚናገር ሴንሰርና የሴንሰሩን ቃል ሰምቶ ነዳጁን የሚመጥን ኮምፒዩተር አስፈለገ። ቮልቮ በ1976 የኦክሲጅን ሴንሰር የተገጠመላቸውን መኪናዎች ለካሊፎርኒያ ገበያ በማቅረብ መንገዱን ከፈተ።

የመብራቱ ቋንቋ

መኪናን በሶኬት የመመርመር ሐሳብ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ የተሞከረ ነው። በኢትዮጵያ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው የፎልክስቫገን መኪና ከ1971 ጀምሮ በሞተሩ ክፍል ውስጥ የምርመራ ሶኬት ተሰክቶለት ይሠራ ነበር። የኩባንያው ወኪል ጋራዥ ገመዱን ሰክቶ የባትሪውን፣ የማቀጣጠያውንና የመሳሰሉትን ሁኔታ በመለካት ውጤቱን በወረቀት አትሞ ያወጣል። ሶኬቱ ሽቦዎችን ወደ ውጭ የሚያወጣ በር ብቻ እንጂ በመኪናው ውስጥ ብልሽትን የሚመዘግብ ኮምፒዩተር አልነበረም።

በ1981 ጄነራል ሞተርስ በአሜሪካ ለሚሸጣቸው መኪናዎቹ በሰፊው የገጠመው ኮምፒዩተር ግን የራሱን ሕመም የሚያስታውስ ሆነ። ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሰኪያ ላይ ሁለት ቀዳዳዎችን በሽቦ ያገናኘ መካኒክ፣ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ሲያነጋግረው ያያል። መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጊዜ ቢደግም ቁጥሩ 12 ነው፤ ይህም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የምርመራው ሥርዓት ራሱ መሥራቱን ያመለክታል። ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ቁጥሮች የብልሽቱ ምልክቶች ናቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን መሰኪያ፣ የየራሱን ቁጥርና የየራሱን መመርመሪያ መሣሪያ ማውጣቱ ነበር። ከፋብሪካው ጋር ውል የሌለው ጋራዥ ለእያንዳንዱ ስም አንድ አንድ መሣሪያ መግዛት፣ ካልሆነም ደንበኛውን መሸኘት ግድ ሆነበት።

የጋራ ቋንቋ መወለድ

ይህን የባቢሎን ግንብ ያፈረሰው አሁንም የጭሱ ጉዳይ ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ብልሽት ራሳቸው እንዲያስታውቁ አዘዘ። በ1989 ደግሞ ሁለተኛውንና ጥብቁን ደንብ አጸደቀ። በዚህ ደንብ መሠረት ሶኬቱ አንድ ዓይነት፣ ቁጥሮቹም አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ሆኑ፤ ከ1996 ሞዴል ጀምሮም በመላው አሜሪካ የሚሸጡት ቀላል መኪናዎች ሁሉ ደንቡን የማሟላት ግዴታ ወደቀባቸው። የኤውሮፓ ኅብረትም ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪናዎች፣ ጥቂት ቆይቶም በናፍጣ መኪናዎች ላይ ተመሳሳዩን አደረገ። ምልክት የሚተላለፍበት ዘዴ እስከ 2008 ድረስ በአምራቾች መካከል የተለያየ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የጀርመኑ ቦሽ በ1986 ይፋ ያደረገው የመገናኛ ዘዴ ለአሜሪካ ገበያ የግድ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የቤተሰብ መኪና ቅርጽ በመለወጥ ላይ ነበር። ቶዮታ በ1994 ራቭ-ፎርን ለገበያ አቀረበ። ከሩቅ ሲያዩት የገጠር መኪና ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ላንድሮቨር በተለየ ሻንሲ ላይ የተጫነ ሳይሆን እንደ አውቶሞቢል አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። በ1995 በሲቪክ ላይ የተመሠረተው የሆንዳ ሲ-አር-ቪ፣ በ1997 በኢምፕሬዛ ላይ የተመሠረተው የሱባሩ ፎረስተር ተከተሉት። ክሮስኦቨር የሚባለው ወገን በዚህ መልክ ተስፋፋ። ራቭ-ፎር ወደ አሜሪካ የገባው የጋራው ሶኬት በሁሉም ላይ ግዴታ በሆነበት በ1996 ነበር። ስለዚህም ከፍ ያለው የቤተሰብ መኪናና የጋራው የምርመራ ቋንቋ አብረው አደጉ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ቁጥሩ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም

የጋራው ቋንቋ አንድ ፊደልና አራት አኀዝ ያለው ነው። «ፒ» ሞተርንና ካምቢዮን፣ «ሲ» ፍሬንንና የመሳሰለውን፣ «ቢ» የመኪናውን አካል፣ «ዩ» የኮምፒዩተሮቹን ግንኙነት ያመለክታል። ለምሳሌ ፒ-0301 አንደኛው ሲሊንደር እሳት መሳቱን ይነግራል። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያውቀው እሳቱን አይቶ ሳይሆን የክራንክ ሻፍቱ ፍጥነት በዚያ ሲሊንደር ተራ ላይ ለቅጽበት መጓደሉን ለክቶ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያባክን ስሕተት ይፈጸማል፤ ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቆጥሮ ዕቃ መለወጥ። ፒ-0301 ካንዴላው አርጅቷል፣ ቦቢናው ተቃጥሏል፣ የነዳጅ መርጫው ተደፍኗል ወይም ሲሊንደሩ መጭመቅ አቅቶታል ብሎ አይለይም። አስተዋይ መካኒክ የአንደኛውን ሲሊንደር ቦቢና ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ ሞተሩን ያስነሣል፤ ቁጥሩ ወደ ፒ-0302 የተዛወረ እንደሆነ ጥፋቱ የቦቢናው ነው፤ ካልተዛወረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ ይፈትናል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ምክንያቱ ተጣራ ማለት ነው። ፒ-0420ም እንዲሁ ነው። የጭስ ማጣሪያው ደከመ የሚል ምልክት ይስጥ እንጂ፣ በማርሚታው መስመር ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ያረጀ ሴንሰር ይህንኑ ቁጥር ሊያስነሣ ይችላል። ማጣሪያው በውስጡ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ያለበት ውድ ዕቃ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ማጣሪያውን መለወጥ ለባለቤቱ ከባድ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የመካኒኩን ጆሮ አልተካውም፤ ወዴት ማድመጥ እንደሚገባው ጠቆመው እንጂ። በ2005 ኢ.ኤል.ኤም. 327 የተባለው የካናዳ ሥራ ቺፕ ለሽያጭ ከበቃ በኋላ ዋጋው የተመጠነ ማንበቢያ እየተስፋፋ ሄዶ ቁጥሩን ማየት ለማንም የሚቻል ሆነ። ቁጥሩን መተርጎም ግን አሁንም ሙያ ነው።

የማሻሻል መብትና የተሰወረው በሽታ

መኪናን ማሻሻል በቀድሞው ዘመን የተሻለ ካርቡራተር ወይም ጠንካራ ሞላ መግጠም ማለት ነበር። ኮምፒዩተሩ ከገባ ወዲህ ግን ማሻሻያው በከፊል ፕሮግራም ሆነ። አንዳንዱ የካምቢዮ መንቀጥቀጥ በመፍቻ ሳይሆን አዲስ ፕሮግራም በመጫን ይድናል። የአሜሪካ ደንብ ከ2004 ሞዴል ጀምሮ ጭስን የሚመለከተው ፕሮግራም ከፋብሪካው ጋር ውል በሌላቸው ጋራዦችም ሊጫን እንዲችል አስገደደ። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 ባደረገው ምርጫ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለሁሉም ጋራዥ እንዲያቀርቡ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ፤ በ2020ም ውሳኔውን መኪናዎች በአየር ሞገድ ወደሚልኩት መረጃ አሰፋው። አምራቾች በበኩላቸው በሩ ለሁሉም ከተከፈተ ለሌባና ለአጥፊም ይከፈታል ሲሉ ተከራከሩ። ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዝግ ሣጥን ሁሉ የታመነ ሣጥን አለመሆኑን የ2015ቱ ታሪክ አስመስክሯል።

በ2014 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የናፍጣ መኪናዎችን ጭስ በላቦራቶሪ ሳይሆን በመንገድ ላይ ለክተው ከተፈቀደው እጅግ የበለጠ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አገኙ። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፎልክስቫገን ፕሮግራም የፍተሻን ሰዓት እየለየ ጭሱን የሚቀንስ፣ በመንገድ ላይ ግን እስከ 40 እጥፍ የሚለቅ መሆኑን ይፋ አደረገ። ነገሩ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከት ሆኖ ተገኘ። የማስጠንቀቂያው መብራት ግን ይህን አልተናገረም፤ ሐሰቱን ያጋለጠው ከመኪናው ውጭ የቆመ ነጻ መሣሪያ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለማሽንም ሠራ።

ጸጥ ያለው ሞተር

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉት የቤተሰብ መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮችና ለጃፓን የተሠሩት በአሜሪካ ሕግ የታሰሩ ስላልነበሩ፣ በተለይም በቀደሙት ዓመታት ሞዴሎች፣ ባለ16 ቀዳዳው ሶኬት ኖሮ ቋንቋው ግን የተለየ የሆነበት ጊዜ አለ። የጋራው ሕግ ያልደረሰበት መካኒክ ሶኬቱን እያየ መልስ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2024 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከል ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መለሰ። የኤሌክትሪክ መኪና ጆሮ የሚያደምጠው የሞተር ጩኸት፣ አፍንጫ የሚለየው ጭስ የለውም። ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሆነው ባትሪ ምን ያህል እንደ ደከመ የሚያውቀው የራሱ ኮምፒዩተር ነው። የጋራውን ቋንቋ የወለደው ሕግ የጭስ ሕግ ስለ ነበር፣ ጭስ የሌለው መኪና ከሕጉ ውጭ ቀረ። የኤውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ የባትሪው ጤንነት መረጃ ለገዢው ክፍት እንዲሆን አዟል። ካሊፎርኒያም በ2022 ተመሳሳይ ግዴታ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ እንዲጸና አጽድቃ ነበር፤ በ2025 ግን የአሜሪካ ኮንግሬስ ለደንቡ የተሰጠውን ፈቃድ በመሻሩ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋራው ሶኬት በአምራቾች ቸርነት ወይም በገበያ ውድድር አልመጣም፤ የሕዝብን ሳንባ ለመጠበቅ ሕግ ስላስገደደ መጣ፤ ለመንደሩ ጋራዥ የሰጠው ጥቅም ያልታሰበ በረከት ነበር። በኤሌክትሪኩ ዘመን ይህ በረከት በአጋጣሚ እስኪደገም መጠበቅ አይገባም። መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ የባትሪያቸውን ጤንነትና የብልሽታቸውን ቁጥር በጋራ ቋንቋ የሚናገሩ እንዲሆኑ መጠየቅ የሕግ አውጪው፣ ያንን ቋንቋ ለተማሪው ማስተማር የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ፣ ቁጥሩን ከምክንያቱ መለየት ደግሞ የባለሙያው ድርሻ ነው። ቤተሰቡ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛው መኪና ሲቆም፣ ለምን እንደ ቆመ የማወቅ መብቱ ከመኪናው ጋር አብሮ ሊሸጥለት ይገባል።