የሩብ ማይል ሚዛን

ሁለት አውቶሞቢሎች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራላቸው ተነሥተው፣ ሩብ ማይል ወይም 402 ሜትር የሆነውን ቀጥተኛ መንገድ ለመቅደም ሲሽቀዳደሙ ለሚመለከት ሰው ነገሩ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የዚህን ውድድር ታሪክ፣ በተለይም አሮጌ የጃፓን አውቶሞቢሎችን እያሻሻሉ የሚወዳደሩትን አማተሮች ሥራ በጥሞና ለመረመረ መሐንዲስ፣ ጉዳዩ ከሙያችን መሠረታዊ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም በእጃችን የሠራነውን ነገር ምን ያህል በትክክል እናውቀዋለን የሚል ነው።

የድራግ ውድድር የተወለደው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወጣቶች ያሻሻሏቸውን መኪናዎች በደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይፈትኑ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ፉክክሩ በሕዝብ መንገድ ላይ ተስፋፋ፤ አደጋም አብሮት መጣ። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ለሩጫው ቦታና ሕግ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በሳንታ አና የአውሮፕላን ማረፊያ የመወዳደሪያ ሜዳ ተከፈተ። በ1951 ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋሙ። በ1955 ደግሞ የማኅበሩ የመጀመሪያ ብሔራዊ ውድድር በካንሳስ፣ በግሬት ቤንድ ከተማ ተካሄደ። የደኅንነት ምርመራ፣ የምድብ አከፋፈልና የሰዓት መለኪያ የሥርዓቱ ምሰሶዎች ሆኑ።

በዚህ መድረክ ላይ በኋላ ከገቡት የጃፓን ሥራዎች አንዱ ዳትሰን 240 ዜድ ነው። ይህ አውቶሞቢል በ1969 መጨረሻ ላይ በአገሩ «ፌርሌዲ ዜድ» ተብሎ ወጣ። የኒሳን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ግን ስሙ ለአሜሪካ ገዢ እንደማይስማማ አምነው በቁጥሩ እንዲሸጥ አደረጉ። ዋጋው በመጀመሪያ 3,526 ዶላር ነበር። 2.4 ሊትር የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በጊዜው አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ የመኪናው ክብደት ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም ነበር።

አማተሮችን የማረካቸው ግን ዋጋው ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ሞተሩን ሲያሳድግ መሠረታዊ አሠራሩን ስላልለወጠ የአንዱ ሞተር ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። በ1975 የወጣው 280 ዜድ የሲሊንደሩ ስፋት 86፣ የፒስተኑ ጉዞ 79 ሚሊሜትር፣ ይዘቱም 2,753 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነበር። አማተሮች ከዚያው ቤተሰብ የናፍጣ ሞተር ክራንክ ሻፍት ወስደው ጉዞውን ወደ 83፣ ሲሊንደሩንም በማሽን አስፍተው ወደ 89 ሚሊሜትር ሲያደርሱት ይዘቱ 3,098 ሆነ። በዚህ ላይ ሦስት ባለ ሁለት አፍ ካርቡሬተሮችን ጨመሩ፤ የቴስታታውንም የአየር መተላለፊያ አሻሻሉ።

ይሁን እንጂ ጉልበት ሲጨመር ደካማው ቦታ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ እርሱ ሲጠነክር ፈተናው ወደ ዲፈረንሻሉ ይተላለፋል። የ240 ዜድ ዲፈረንሻል አር 180፣ የ280 ዜድ ደግሞ አር 200 ይባላል፤ ቁጥሩ የትልቁን ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር የሚያመለክት ነው። ብዙዎች ትልቁን ወስደው በትንሹ ቦታ የገጠሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በኋላ ዘንጉና ጎማው ይቀራሉ።

ሒሳቡም ትሕትናን ያስተምራል። የማይቋረጥ ጉልበትና የማይንሸራተት ጎማ ቢኖር፣ ርቀቱን ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ከክብደትና ከጉልበት ንጽጽር ኩብ ሥር ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ጉልበትን እጥፍ ማድረግ ጊዜውን በግማሽ ሳይሆን በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ይቀንሰዋል። በ16 ሰከንድ ይጨርስ የነበረ መኪና ወደ 12.7 ይወርዳል ማለት ነው። ጎማው ከተንሸራተተ ግን ይህም አይገኝም።

ከሁሉም ይልቅ መሐንዲስን የሚያስደንቀው ለአማተሮች የተዘጋጀው የብራኬት ውድድር ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከመነሣቱ በፊት መኪናው በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ያስታውቃል። ዘገምተኛው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ባላጋራው ባስታወቀው ሰዓት ልክ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ሲጨርስ፣ እርሱ ካስታወቀው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ሰው ይሸነፋል። ስለዚህ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ዳትሰን ገንዘብ የፈሰሰበትን አዲስ መኪና ሊረታ ይችላል። በዚህ ውድድር ፍጥነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የራስን መኪና ጠባይ፣ የዕለቱን ሙቀትና የመንገዱን ሁኔታ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኛም በንድፍ ግርጌ ስንፈርም አንድ ቁጥር እናስታውቃለን፤ ድልድዩ ይህን ያህል ይሸከማል፣ ፓምፑ ይህን ያህል ውኃ ይስባል እንላለን። ልዩነቱ አማተሩ የቃሉን ውጤት ከመንገዱ ማዶ በታተመ ወረቀት ወዲያው መቀበሉ ነው፤ የእኛ ግን ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፣ ስሕተቱንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ሥራችን ካለቀ በኋላ ተመልሰን የመለካት ልማድ ቢኖረን፣ የምንፈርመው ቁጥር ይበልጥ የሚታመን በሆነ ነበር።