እግረኛው በየት ይሂድ?

እስቲ በገበያ ቀን እንጅባራ ዋናው መንገድ ዳር አብረን እንቁም። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ በእግረኛው መንገድ ትመጣለች። ከፊቷ አንድ ፒካፕ መንገዱን ግጥም አድርጎ ቆሟል። ምን ታድርግ? አስፋልቱ ላይ ትወርዳለች። ከኋላዋ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ያስጮኻል። የፒካፑ ሾፌር ደግሞ ማዶ ሆኖ ማኪያቶውን እየጠጣ ነው። "አንድ ደቂቃ እኮ ነው!" ይላል። ሰው ለመግጨት ስንት ደቂቃ ያስፈልጋል ወገን?

መኪና የእግረኛ መንገድ ላይ ይቁም ወይስ አይቁም እያልን ስንከራከር ነው ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ማየት ያማረን።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲከበር ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ዳንግላም ብትሆን የበቅሎ ዘመን ከተማ ናት። ሜጀር ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 (እ.ኤ.አ.) እዚያ ቆንስል ሆኖ ሲኖር፣ ጣናንና ዓባይን የዞረው በበቅሎና በእግሩ ነው። በዚያ ዘመን "የእግረኛ መንገድ" የሚባል ነገር አልነበረም። ለምን ይኖራል? መንገዱ በሙሉ የእግረኛ ነበራ!

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ወደ እኛ ግን ቶሎ አልደረሰም። ኋላ ጣሊያን መጣ፤ መንገድ ቆፈረ፤ "መኪና" የሚለውን ቃል ራሱን ትቶልን ሄደ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ጎዳና ሁለቱንም ከተሞቻችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቋቸው ያልፋል። ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ጎዳናውን እያየ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ኮሶበር ስትባል የኖረችው እንጅባራም ያደገችው እንዲሁ ነው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለናል። ጎዳናው የተሠራው ለአላፊ መኪና ነው። ለከተሜው እግረኛ የደረሰው ከአስፋልቱና ከቦዩ የተረፈው ቁራጭ ነው። በክረምት ደግሞ የእንጅባራን ዝናብና ጭቃ ታውቁታላችሁ። እሷንም ቁራጭ መጀመሪያ የሱቅ ዕቃ ወሰዳት፣ ቀጥሎ ባጃጅ፣ አሁን ደግሞ የቤት መኪና። ፈረሰኛው እንኳ ገበያ ሲመጣ ፈረሱን ከሰው መተላለፊያ ራቅ አድርጎ ያስራል። ባለመኪናው ምን ሆነ?

"ታዲያ የት እናቁም?" የሚሉ ሾፌሮች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ቦታ ያመልክታቸው። የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አሉ፤ ከገበያው አጠገብም ክፍት ቦታ መከለል ይቻላል። ይህ እስኪሆን ግን ዋጋውን የምትከፍለው ለምን ያቺ እናት ትሆናለች? ለምንስ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የገባው በእግሩ የሚሄድ ተማሪ ይሆናል?

"የሾፌር ልማድ አይለወጥም" የሚለውን ግን አንቀበልም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረ። በአንድ ቀን! አያቶቻችን መሪ ይዘው የመንገዱን ወገን ከቀየሩ፣ የዛሬው ሾፌር ሁለት ጎማውን ከእግረኛ መንገድ ላይ ማውረድ ያቅተዋል? ለንደን በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሕግ ከልክላለች። ስኮትላንድ እንኳ መቅጣት የጀመረችው በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልዘገየንም። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል (ስለፈረሱት ቤቶች ሌላ ቀን እንከራከራለን)።

እኛም አንድ ነገር አስበናል። በሚመጣው ጥር 23፣ ፈረሶቹ ወደ ሜዳው ሲያልፉ፣ ከመናኸሪያው እስከ አደባባዩ በእግራችን ሄደን የእግረኛ መንገድ ላይ የቆሙትን መኪናዎች አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ዳንግላ ያላችሁ ደግሞ የእናንተን ቁጠሩልን።